የእንዶዱ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ

ራቤልን በመሰለ ደጋ አገር ያደገ ሰው ሁሉ፣ እንዶድ ተወቅጦ በወንዝ ዳር ኩታና ነጠላ ሲታጠብበት ሳያይ አልቀረም። ብዙዎቻችን ግን አረፋው ከወንዙ ጋር ወርዶ ምን እንደሚሠራ ጠይቀን አናውቅም። ይህን ጠይቀው መልሱን ያገኙት ስመ ጥሩ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ ጅጅጋ ተወልደው በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ካገኙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1964 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። የዚህ በሽታ ትል ወደ ሰው ገላ ከመግባቱ አስቀድሞ በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋልና፣ ሊቁ ቀንድ አውጣውን በየወንዙ ይፈልጉ ነበር። በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ግን የሞተው በዝቶ አገኙ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው፣ ጥቂት አረፋ ሕያዋን ቀንድ አውጦች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ቢያስጨምሩ ሁሉም ሞቱ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አንዱ ወገኑ ውኃን፣ ሌላው ወገኑ ቅባትን ስለሚወድ እድፍን ከጨርቅ ያላቅቃል። የሕያው ሴል ሽፋንም የቅባት ዘር ስለሆነ፣ ያንኑ ሽፋን ይበሳዋል። በሰውም ወደ ደም ቢገባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳልና እንዶድ መጠጣት ለሕይወት ያሰጋል። እንግዲህ የመድኃኒት ትምህርት መሠረቱ ይህ ነው፤ አንድ ነገር መድኃኒት ወይም መርዝ የሚሆነው በመጠኑ፣ በሚገባበት በርና በሚደርስበት አካል ነው። ኮሶም ትሉን የሚያወጣው በልክ ሲጠጣ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ጠጪውን ይጐዳል።

ሊቁ በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከዚያም በዓድዋ ወንዞች እንዶድ እየተጨመረ ለ5 ዓመት ሲሞከር፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። የውጭ አገር ባለሙያዎች ግን እንዶድ ለሰውና ለእንስሳት አለመጐዳቱ በጥብቅ ምርመራ እንዲረጋገጥ ጠየቁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብና ላቦራቶሪ በቀላሉ ስላልተገኘ ብዙ ዓመታት አለፉ።

በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን መጣ። ይህ ክኒን ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ በደም ሥር የሚኖረውን ትል ጡንቻ ያኰማትራል። ይሁን እንጂ የዳነው ልጅ ወደዚያው ወንዝ ቢመለስ እንደገና ይያዛል። ክኒኑ በሽተኛውን ሲያድን፣ የእንዶድ ሐሳብ ወንዙን መጠበቅ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ዐረፉ፤ የመሠረቱትም ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ከታሪካቸው ተማሪውም ሆነ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ የእናቶቻችን ዕውቀት ሊናቅ አይገባም። ሁለተኛ፣ የአገር መድኃኒት የአገር ስለሆነ ብቻ ደኅና ነው አይባልም፤ መመዘንና መመርመር አለበት። ሚዛኑንም ሌላ እስኪያመጣልን ከምንጠብቅ፣ እኛው ራሳችን ብንይዘው ይሻላል።