ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፦ በውጤት የመዘኑ ሰው

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1886 በትግራይ፣ በዓድዋ አካባቢ ተወለዱ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ገና ሕፃን ሳሉ አባታቸው ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ዘምተው በ1889 በመተማ ጦርነት ወደቁ። አገሩ ወላጆቻችን ክፉ ቀን እያሉ በሚያስታውሱት ረኃብ ውስጥ ነበር። ልጁ ምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተጠለሉ። ከዚያም በልጅነታቸው መርከብ ተሳፍረው አውሮጳ ገቡ፤ አንድ የኦስትሪያ ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ በርሊን ሄደውም ሕክምና ተማሩ።

ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስተርጓሚ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ታመው በቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ሲበረታ ግን ገብረ ሕይወት ተሰደዱ፤ በሱዳንም ቆዩ። ከ70 ዓመት ያህል በኋላ ብዙዎቹ ወላጆቻችን በዚያችው ሱዳን በኩል እንዳለፉ ስናስብ፣ የእኚህን ሰው ታሪክ እንደ ሩቅ ታሪክ አናየውም።

በ1912 «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው አስመራ ላይ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊ ሦስት ነገር እንዲኖረው ጠየቁ፦ የተደረገውን አስተውሎ የሚያይ ልብ፣ ለማንም ሳያደላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያየውንና የፈረደውን ጥርት አድርጎ የሚገልጽ ቋንቋ። ነገሥታትን ማወደስ በተለመደበት ዘመን ይህ ድፍረት ነበር። እሳቸውም በዚሁ ሚዛን የነገሥታቱን አገዛዝ መዘኑ። ግብር ተቆርጦ እንዲታወቅ፣ የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ሕግ እንዲጻፍ፣ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ ሰው በሃይማኖቱ እንዳይገደድ መከሩ። ጃፓንን ከኢትዮጵያ ጋር አነጻጽረው፣ አንዷ ስትለማ ሌላዋ ለምን እንደቀረች ጠየቁ። መልሱን በዘር ሳይሆን በአስተዳደርና በዕውቀት ፈለጉ።

በኋላ የድሬዳዋ ነጋድራስ ተባሉ፤ ማለትም የጉምሩክና የነጋዴዎች አለቃ። የጅቡቲ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ስለደረሰ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ብዙው በዚያ ያልፍ ነበር። ኢትዮጵያ ቡናና ቆዳ ሰጥታ የፋብሪካ ዕቃ ስትገዛ ማን እንደሚጠቀም፣ በየመንገዱ ያለው ኬላ ነጋዴውን እንዴት እንደሚያደክመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው አብራሩ። መጽሐፉ ሲታተም ግን አላዩትም። በ1919፣ ገና በወጣትነታቸው ሞቱ፤ መጽሐፉ በ1924 አዲስ አበባ ላይ ወጣ።

ገብረ ሕይወት የስታቲስቲክስ ባለሙያ አልነበሩም። ነገር ግን ሦስቱ ጥያቄዎቻቸው በነስ ጺዮናና በሬሆቮት ለምናያቸው የማኅበረሰባችን ፕሮግራሞች ሁሉ ይሠራሉ። ለምሳሌ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆችን የሚያስጠና አንድ ፕሮግራም እንውሰድ። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ልጅ እንደተመዘገበና ስንት ሸቄል እንደወጣ ይነገረናል። ይህ የወጣው ድካም ልክ እንጂ የመጣው ለውጥ ልክ አይደለም። ልጆቹ ሲገቡ ሒሳብ ምን ያህል ይችሉ ነበር? ሲወጡስ? በዚያው ደረጃ ጀምረው ፕሮግራሙን ያላገኙ ልጆችስ ምን ላይ ደረሱ? የመጨረሻው ጥያቄ ካልተጠየቀ፣ ልጅ በዕድሜው የሚያድገውን ሁሉ ለፕሮግራሙ እንቆጥርለታለን።

አለማድላትም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙን የሚያካሂደው ክፍል ብቻውን ራሱን ከመዘነ ፍርዱ ይታማል። ለዚህ ነው በ1974 በኢየሩሳሌም የተቋቋመውን ብሩክዴልን የመሰሉ የምርምር ተቋማት የሚያስፈልጉት። የእስራኤል ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ ቢሮም በየዓመቱ በስግድ በዓል ሰሞን ስለ ማኅበረሰባችን አኃዝ ያወጣል፤ ከዜና ርዕስ አልፈን ሰንጠረዡን ራሱን ማንበብ የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው።

ሦስተኛው፣ ጥርት ያለ ቋንቋ፣ በተለይ የእኛን ቤት ይመለከታል። ውጤቱ በዕብራይስጥ ብቻ ተጽፎ ከቀረ፣ ልጇን በየቀኑ ወደ ፕሮግራሙ የምትልክ እናት ለመጠየቅም ለመቃወምም መንገድ የላትም። ቁጥር ሲነገርም ከነምክንያቱ ይነገር። ዝቅ ያለ አማካይ ውጤት ያለ ማብራሪያ ሲወጣ፣ ጉድለቱ የፕሮግራሙ ሆኖ ሳለ ነቀፋው ልጆቻችን ላይ ያርፋል።

ስለዚህ በዚህ ዓመት በየሠፈራችሁ አዲስ ፕሮግራም ሲከፈት ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጠይቁ፦ ለውጡ በምን ይለካል? ማን ይለካዋል? ውጤቱንስ ለወላጆቻችን በአማርኛና በትግርኛ የሚያስረዳቸው ማነው? መልሱን ጽፋችሁ ያዙ፤ በዓመቱ መጨረሻም ይዛችሁት ሂዱ።