ቭሴቮሎድ ፍሬድሪክስ፦ ከምስል ጥራት በስተጀርባ ያሉ ሊቅ

በቢሮ ጠረጴዛና በመኖሪያ ቤት ከምናያቸው ጠፍጣፋ የምስል ሰሌዳዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በፈሳሽ ክሪስታል ነው። ስለ ምስላቸው ጥራት ስንወያይ ዘወትር የምናነሣው የትራንዚስተሩን፣ የብርሃን ምንጩንና የቀለም ማጣሪያውን ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ጥቁሩ ጠቁሮ፣ ነጩም ነጥቶ እንዲታይ መሠረት የሆነው ሕግ የተገኘው፣ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ከመሠራቱ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነበር። የሕጉ ባለቤት ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቭሴቮሎድ ኮንስታንቲኖቪች ፍሬድሪክስ ናቸው። ስማቸው የፍሬድሪክስ ሽግግር በሚል መጠሪያ በየመማሪያ መጽሐፉ ሰፍሮ ይገኛል። የሕይወታቸው ታሪክ ግን ስሙን በየዕለቱ በምንጠራው ባለሙያዎች ዘንድ እንኳ እምብዛም አይታወቅም።

ፍሬድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1885 በዋርሶ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ከተከታተሉ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው በጎቲንገን ከተማ የክሪስታል ፊዚክስ ሊቅ ከነበሩት ከዎልደማር ፎይግት ዘንድ ሠሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የጠላት አገር ዜጋ ሆነው እዚያው ቀሩ። በዚያ አስጨናቂ ዘመን የታላቁ የሒሳብ ሊቅ የዳቪድ ሂልበርት ረዳት ሆነው ለመሥራት በመቻላቸው፣ የአጠቃላይ አንጻራዊነት ትምህርት ሲወለድ በቅርብ ለማየት በቁ። በ1918 ወደ አገራቸው ተመልሰው በፔትሮግራድ ማስተማር ሲጀምሩ ይህንኑ ዕውቀት ይዘው ገቡ፤ ከአሌክሳንደር ፍሪድማን ጋር በመተባበርም በ1924 ስለ አንጻራዊነት መሠረቶች የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። ፍሪድማን በ1925 በሞት ሲለዩ የታቀደው ሥራ ሳይፈጸም ቀረ።

ፍሬድሪክስ በዚሁ ዘመን ትኩረታቸውን ያሳረፉት ብዙዎች እንደ ተራ የቤተ ሙከራ ብርቅ ነገር ወደሚመለከቱት ወደ ፈሳሽ ክሪስታል ነበር። ይህ ቁስ እንደ ፈሳሽ ይፈሳል፤ ሞለኪውሎቹ ግን በክሪስታል ውስጥ እንዳሉት ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። በሁለት መስታወቶች መካከል በስሱ ሲጨመርም አሰላለፉን የሚወስነው የመስታወቱ ገጽ ነው። ጥያቄው፣ አሰላለፉን በማግኔት ኃይል ለመለወጥ ቢሞከር ምን ይሆናል የሚል ነበር።

ፍሬድሪክስ ከባልደረባቸው ከሬፒዬቫ ጋር በ1927፣ ቆየት ብሎም ከዞሊና ጋር ያሳተሟቸው ጥናቶች የሰጡት መልስ ያልተጠበቀ ነበር። ማግኔታዊው መስክ ከአንድ የተወሰነ መጠን በታች እስከሆነ ድረስ በአሰላለፉ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። ያ ወሰን ሲታለፍ ግን በመካከል ያሉት ሞለኪውሎች በድንገት መዞር ይጀምራሉ፤ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቁት ብቻ እንደ ነበሩ ይቀራሉ። የሙከራው መሣሪያ ቀላል ነበር። ፈሳሹ በጠፍጣፋ መስታወትና በጎባጣ ሌንስ መካከል ሲደረግ ውፍረቱ ከመሐል ወደ ዳር እየጨመረ ይሄዳል፤ መስኩ ሲበረታም የተለወጠው ክፍል ካልተለወጠው የሚለይበት ክብ ድንበር በግልጽ ይታያል። ከዚህም ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው መስክ በግማሽ እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። ፍሬድሪክስ ከተማሪያቸው ከቪክቶር ቴስቬትኮቭ ጋር ደግሞ በ1930ዎቹ የኤሌክትሪክ መስክን ተግባር መመርመር ጀመሩ።

ሥራው በዚህ ደረጃ ላይ ሳለ ነበር መከራው የደረሰው። ፍሬድሪክስ በ1936 በሌኒንግራድ ሳይንቲስቶች ላይ በተነሣው የእስር ማዕበል ተይዘው የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የአቀናባሪው የዲሚትሪ ሾስታኮቪች እኅት የነበሩት ባለቤታቸው ማሪያም ወደ መካከለኛው እስያ ተጋዙ። ፍሬድሪክስ ወደ ቤተ ሙከራቸው ሳይመለሱ በጥር ወር 1944 በጎርኪ ከተማ አረፉ። ተማሪያቸው ቴስቬትኮቭ ግን ምርምሩን ቀጥለው፣ በ1942 የሞለኪውሎችን አሰላለፍ ደረጃ በቁጥር የሚገልጸውን መለኪያ አቀረቡ።

እነሆ በ1971 ማርቲን ሻድትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪኽ 90 ዲግሪ የተጠማዘዘውን የፈሳሽ ክሪስታል ሰሌዳ ይፋ ሲያደርጉ፣ መሣሪያው የተመሠረተው በዚሁ ሽግግር ላይ ነበር። በኤሌክትሪክ ሲሠራ የመነሻ ወሰኑ የተወሰነ ቮልቴጅ ሲሆን፣ ይህም ቮልቴጅ በፈሳሹ ውፍረት አይለወጥም። ስለዚህ በማምረት ጊዜ የሚፈጠር መጠነኛ የውፍረት ጉድለት ወሰኑን አያናጋም፤ ምንም እንኳ የቀለሙን ትክክለኛነትና የምስሉን ፍጥነት የሚነካ ቢሆንም።

የጥራት ችግር ጎልቶ የወጣው ረድፎች ሲበዙ ነው። በረድፍና በዓምድ ሽቦ በሚነዳ ሰሌዳ ውስጥ፣ እንዲጨልም የተተወው ነጥብም ለጎረቤቱ ከታሰበው ቮልቴጅ ከፊሉ ይደርሰዋል። አልትና ፕሌሽኮ በ1974 እንዳሰሉት፣ ረድፎቹ 100 ሲሆኑ በበራና ባልበራ ነጥብ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ከ11 በመቶ አይበልጥም። ያልበራው ነጥብ ከመነሻ ወሰኑ በታች መቆየት ካልቻለ ጥቁሩ ይደበዝዛል፤ ፊደሉም ጥላ ያጠላበታል። መሐንዲሶች ለዚህ ሁለት መፍትሔ አገኙ። አንደኛው፣ ጥምዘዛውን እስከ 270 ዲግሪ በማሳደግ ከወሰኑ በላይ ያለውን ለውጥ ይበልጥ ፈጣን ማድረግ ነበር። ሁለተኛውና ዘላቂው ለእያንዳንዱ የምስል ነጥብ የራሱን ትራንዚስተር መስጠት ሆነ። ከ1990ዎቹ ወዲህ በተስፋፉት፣ ሞለኪውሎቹ በመስታወቱ ላይ ቀጥ ብለው በሚቆሙባቸው ሰሌዳዎች ደግሞ ከወሰኑ በታች ብርሃን እምብዛም ስለማያልፍ ጥቁሩ እጅግ ጠሊቅ ሆነ።

ከዚህ የምንረዳው፣ የምስል ጥራት የሚጀምረው ነጥቡን ከማብራት ሳይሆን መብራት የሌለበት ነጥብ ጨልሞ እንዲቆይ ከማድረግ መሆኑን ነው። ይህን ያስቻለውን ወሰን በሌንስና በማግኔት የለኩት ሰው፣ ግኝታቸው ለምን እንደሚውል ለማየት አልታደሉም። በየመሥሪያ ቤታችን የሰሌዳን የመነሻ ቮልቴጅ በምንለካበት ጊዜ የምንደግመው የእርሳቸውን ልኬት ነው። ስለሆነም ስማቸውን ለወጣት ባልደረቦቻችን ስናስተምር፣ ከቀመሩ ጋር ሕይወታቸውንም ማስተማር ይገባናል።