ስቲቨን ግሬይ
ስቲቨን ግሬይ (1666 – 1736 እ.ኤ.አ.) ኤሌክትሪክ በአንዳንድ ቁሶች እንደሚተላለፍ፣ በሌሎች ግን እንደማይተላለፍ መጀመሪያ በሙከራ የለየ እንግሊዛዊ ነበር።

የተወለደው በካንተርበሪ ከተማ ሲሆን የቤተሰቡ ሙያ ጨርቅ በቀለም መንከር ነበር። እሱም በዚሁ ሥራ እየኖረ በትርፍ ጊዜው ሥነ ፈለክ ይከታተል፣ ከንጉሣዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከጆን ፍላምስቲድ ጋርም ይጻጻፍ ነበር። በ1719 ለንደን ውስጥ ቻርተርሀውስ በተባለው የችግረኞች መጦሪያ ገባ። ትልቁን ሥራውን የሠራው ከዚያ በኋላ፣ ዕድሜው ከ60 ካለፈ ወዲህ ነው።

በ1729 የታሸ የብርጭቆ ቱቦ ላባ ሲስብ፣ የቱቦውን አፍ የደፈነው ቡሽም እንደሚስብ አየ። ቡሹ ግን አልታሸም ነበር። ስለዚህ ኃይሉ ከብርጭቆው ወደ ቡሹ አልፏል። ግሬይ ከቱቦው ላይ በሲባጎ የዝሆን ጥርስ ኳስ ቁልቁል አንጠልጥሎ ሞከረ፤ ተሳካ። ሲባጎውን በሌላ ሲባጎ ከጣሪያ ላይ አስሮ ወደ ጎን ሲዘረጋው ግን ኃይሉ በማሰሪያው በኩል ወደ ጣሪያው እየሄደ ጠፋ።

በሐምሌ ወር ወዳጁ ግራንቪል ዊለር ቀጭን የሐር ክር ማሰሪያ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ ክሩ ቀጭን ስለሆነ ኃይሉ አያመልጥበትም ብለው ነበር። ሙከራው ተሳካ፣ ምክንያቱ ግን ስሕተት ነበር። ሐሩ ክብደቱን አልችል ብሎ ሲበጠስ በቀጭን የናስ ሽቦ ተኩት፤ ኃይሉም ወዲያው ጠፋ። ልዩነቱ ከቅጥነቱ ሳይሆን ከቁሱ መሆኑ የታወቀው በዚህ ብልሽት ነው። በሐር ማሰሪያ ከ200 ሜትር በላይ ለማስተላለፍ ቻሉ።

ዛሬ በሶዶም ሆነ በገሱባ የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ትንሽ አምፖል አገናኝቶ ምስማርና ክር የሚፈትን ተማሪ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። መልሱ ግን በአንድ ነገር ይለያል፦ በሲባጎ የተያያዘ አምፖል አይበራም። የታሸ ብርጭቆ የሚሰጠው ቮልቴጅ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ በሲባጎው ውስጥ ያለው ጥቂት እርጥበት ይበቃዋል፤ ለ1.5 ቮልት ድንጋይ ግን አይበቃም።

በሚያዝያ 1730 ግሬይ ከ8 እስከ 9 ዓመት የሚሆነውን ልጅ በሐር ገመድ አየር ላይ አጋድሞ የታሸውን ቱቦ ወደ እግሩ አስጠጋ፤ ስስ የናስ ቅጠሎችም ወደ ልጁ ፊት ተሳቡ። የሰው ገላ አስተላላፊ መሆኑ በዚህ ታየ። ትርኢቱ በአውሮፓ ብዙ ተደግሟል፤ በፈረንሳይ ሻርል ዱፋይ በልጅ ፋንታ ራሱን አንጠልጥሎ ሞክሮታል።

የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የመጀመሪያውን የኮፕሊ ሽልማት በ1731፣ ሁለተኛውን በ1732 ለግሬይ ሰጠ። በየካቲት 1736 በቻርተርሀውስ ሲሞት፣ በመጨረሻው ሰዓቱም የማኅበሩ ጸሐፊ አልጋው አጠገብ ሆኖ ያልተጻፉ ሙከራዎቹን ይመዘግብለት ነበር። «አስተላላፊ» የሚለውን ስያሜ ለእነዚህ ቁሶች የሰጠው ግሬይ አይደለም፤ ቀድሞ ቤቱ ያስጠጋው ዴሳጉሊየ ነው።