ካሚል ፒሳሮ፦ የገበሬውና የድልድዩ ሠዓሊ

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1896 ነበር። በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው ሩዋን ከተማ፣ ሴን ወንዝ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ አንድ ጢመ ረጅም አዛውንት በመስኮቱ ቦልድዩ የተሰኘውን የብረት ድልድይ ይመለከታል። ጭጋግ ሲወርድ አንድ ሸራ ያነሣል፤ ዝናብ ሲጥል ሌላ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ሌላ። ድልድዩ ያው ነው፤ ብርሃኑ ግን ይለዋወጣል። አዛውንቱ ሠዓሊው ካሚል ፒሳሮ ነው።

ከመስኮቱ ያስጠጋው ምቾት ፍለጋ አይደለም። እየተመላለሰ የሚያሠቃየው የዐይን ሕመም በነፋስና በአቧራ መካከል ቆሞ እንዳይሥል ከልክሎት እንጂ፣ ዕድሜውን በብዛት ያሳለፈው በማሳ ዳር ነበር።

ፒሳሮ ሐምሌ 10 ቀን 1830 በካሪቢያን ባሕር፣ በዴንማርክ ሥር በነበረችው ሴንት ቶማስ ደሴት ተወለደ። ነጋዴው አባቱ በሱቅ ሊያስቀሩት ቢሹም፣ እርሱ ሥዕልን መርጦ በ1855 ፓሪስ ገባ። በእናቱ ቤት ተቀጥራ ትሠራ የነበረችውን የገጠር ልጅ ዡሊ ቬሌን ወደደ፤ ወላጆቹ ቢቃወሙም አልተዋትም።

በ1870 የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ሲነሣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ሲመለስ ቤቱ የወታደር መኖሪያ ሆኖ ቆየው። የሃያ ዓመት ገደማ ድካሙ፣ ከጥቂቱ በቀር ጠፍቷል፤ ሸራዎቹም ጭቃ መርገጫ ሆነዋል።

እርሱ ግን እንደገና ጀመረ። ከ1874 እስከ 1886 ኢምፕረሽኒስቶች ካሳዩአቸው ስምንት ዐውደ ርእዮች በሁሉም የተሳተፈ እርሱ ብቻ ነው። በፖንትዋዝና በኤራኚ መንደሮች አራሹን፣ አጫጁን፣ ገበያተኛዋን በክብር ሣለ። ሴዛንና ጎጋን ከእርሱ ተምረዋል። ድህነቱ ግን ጸንቶ ነበርና፣ በ1892 የኤራኚን ቤት የገዛው ከወዳጁ ሞኔ ተበድሮ ነው።

በድልድዩ ሥዕሎችም ያው ዐይን ይታያል። ጋሪው፣ እግረኛው፣ የጭስ ማውጫው ጢስና የወደብ ሠራተኛው በእርጥቡ ብርሃን ውስጥ አንድ ሆነው ይኖራሉ።

ፒሳሮ ኅዳር 13 ቀን 1903 በ73 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ። ድልድዩም በ1940 በጦርነት ፈረሰ። የዚያ ክረምት ጭጋግና ፀሐይ ግን፣ ዐይኑን የታመመው ሰው በተወልን ሸራ ላይ ዛሬም አለ።