ምክር ቤት ሳይገባ ለምክር ቤት የመሰከረው መጋቢ

የእግዚአብሔር አገልጋይ በመንግሥትና በሕግ ጉዳይ ሊናገር ይገባዋልን? አንዳንዶች መጋቢ ከመድረኩ አይውረድ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሥልጣን ካልያዝን አገር አይለወጥም ይላሉ። አሜዚንግ ግሬስ የተባለውን መዝሙር የጻፈው የጆን ኒውተን ሕይወት ሌላ መንገድ ያሳየናል።

ኒውተን በ1725 እ.ኤ.አ. በለንደን ተወለደ። እናቱ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት፤ ከልጅነቱም ጀምሮ መርከበኛ ሆነ። በ1748 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ማዕበል ተነሥቶ መርከባቸው ልትሰጥም ስትል ወደ ጌታ ጮኸ። ነገር ግን ወገኖች፣ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከዚያ በኋላም እስከ 1754 ድረስ በባሪያ ንግድ ሥራ ላይ ቆይቷል። ካፒቴን ሆኖም ሦስት ጊዜ አፍሪካውያንን በሰንሰለት አስሮ ባሕር ተሻግሯል። ባሕሩን የተወው ስለ ታመመ ነበር፤ ሕሊናው በዚህ ነገር የነቃው ዘግይቶ ነው።

በ1764 በኦልኒ ከተማ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ለአገልግሎት ተሾመ፤ በ1780 ወደ ለንደን ተዛወረ። በ1785 የ26 ዓመቱ የፓርላማ አባል ዊልያም ዊልበርፎርስ ሰው እንዳያየው ተደብቆ ወደ እርሱ መጣ። ልቡ ለጌታ ስለ ተነካ ፖለቲካን ልተው ወይስ ልቆይ እያለ ይጨነቅ ነበር። ኒውተን ግን በቦታው ሆኖ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል መከረው።

በ1788 ኒውተን ራሱ ዝምታውን ሰበረ። ስለ ባሪያ ንግድ ባሳተመው ጽሑፍ በመርከቦቹ ውስጥ ያየውን ግፍ አንድ በአንድ ገለጠ፤ እርሱም የዚህ ኃጢአት ተካፋይ እንደ ነበረ በአደባባይ ተናዘዘ። በዚያው ዓመት በንጉሡ አማካሪዎች ፊት፣ በ1790 ደግሞ በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሰከረ። ነጋዴዎቹ ሥራቸውን መልካም አስመስለው ሲከራከሩ፣ ያንን ሥራ በእጁ የሠራ ሰው ቃል በቀላሉ የሚጣል አልነበረም።

ዊልበርፎርስ ዓመት ከዓመት ተሸነፈ፤ ሆኖም በ1807 የብሪታንያን የባሪያ ንግድ የሚከለክለው ሕግ ጸደቀ። ኒውተንም ይህን ለማየት በቃ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በ82 ዓመቱ ወደ ጌታው ሄደ። በቅኝ ግዛቶች የነበሩትን ባሪያዎች ነጻ የሚያወጣው ሕግ ግን እስከ 1833 ዘግይቷል።

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ኒውተን ወንበር አልፈለገም፤ ፓርቲም አላቋቋመም። በወንበሩ ላይ ያለውን ሰው በእግዚአብሔር ቃል መከረ፤ የሚያውቀውን እውነትም በሕግ አውጪዎች ፊት ተናገረ። ናታን በዳዊት ፊት የቆመው የዳዊትን ዙፋን ፈልጎ አልነበረምና። ደግሞም አንርሳ፤ ኒውተን ዝም ባለባቸው ከ30 በላይ ዓመታት መርከቦቹ ሰው መጫናቸውን አላቋረጡም። የአገልጋይ ዝምታም ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ጌታ የምናውቀውን እውነት በጊዜው የምንናገርበትን ጸጋ ይስጠን።