ማዘጋጃ ቤት ሙያውን ያልተቀበለው ፕሮግራመር

እንደ ፈረንጆቹ በ1957 አንድ ወጣት አምስተርዳም ውስጥ ሊያገባ ነው። የጋብቻው ወረቀት ላይ ሙያ የሚለው ጋ ፕሮግራመር ብሎ ሞላ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን እንዲህ የሚባል ሙያ የለም ብሎ መለሰበት። የፊዚክስ ሊቅ ተብሎ ተመዘገበና ተጋባ።

ይሄ ሰው ኤድስገር ዳይክስትራ ነው። በ1930 ሮተርዳም ተወለደ። ፊዚክስ እየተማረ በ1952 አምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል ውስጥ ፕሮግራመር ሆኖ ተቀጠረ። ያኔ ሙያው ስም እንኳ የለውም፤ ፊዚክሱን ለመተው ከራሱ ጋር ዓመታት ተሟግቷል።

ሊትኮድ ላይ የአሬይ ጥያቄ የምትሰሩ ሶርት ከለርስን ታውቋታላችሁ። ምንጯ እሱ ነው፤ በ1976 መጽሐፉ ላይ አለች። በተደረደሩ ባልዲዎች ውስጥ አንዳንድ ጠጠር አለ፦ ቀይ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ። እንደ ሆላንድ ባንዲራ ቀዩን ከፊት፣ ነጩን መሃል፣ ሰማያዊውን መጨረሻ አድርጉ። ትርፍ ባልዲ የለም፣ ማቀያየር ብቻ። አንዱን ጠጠር ሁለቴ ማየትም ክልክል ነው።

መፍትሔው ሦስት ጠቋሚ ነው። ቀይ ሲመጣ ወደ ፊት ትቀይሩና ትቀጥላላችሁ፣ ነጩን ታልፉታላችሁ፣ ሰማያዊውን ከኋላ ካለው ጋር ትቀይራላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው (እኔንም አንድ ሙሉ ማታ በልታኛለች)። ከኋላ የመጣው ጠጠር ገና አልታየም፤ ስለዚህ መሃለኛው ጠቋሚ ባለበት መቆም አለበት። ዳይክስትራ ደግሞ ኮዱ ከመሮጡ በፊት ትክክል መሆኑ በሒሳብ ይረጋገጥ ባይ ነበር። ታዋቂውን የአጭር መንገድ ስሌትም በ1956 ከእጮኛው ጋር ቡና ሊጠጣ ካፌ እንደተቀመጠ፣ ያለ ወረቀት፣ በ20 ደቂቃ ነው የጨረሰው።

ኢንዴክስ ለምን ከ0 ይጀምራል? እሱ አልጀመረውም፤ በ1982 በጻፋት አጭር ማስታወሻ ግን ተሟግቶለታል። 12 ፊደል ያለውን ስትሪንግ ከ0 ተነስታችሁ 12 ጋ ሳትደርሱ ስታቆሙ፣ ያቆማችሁ ቁጥር ራሱ ርዝመቱ ነው። አንድ ልደምር ወይስ ልቀንስ የሚባል ጣጣ የለም።

በ1972 የቱሪንግ ሽልማትን ወሰደ፤ ከ1984 ጀምሮ ቴክሳስ ኦስቲን አስተማረ። እዚያም ሆኖ ማስታወሻዎቹን በብዕር ይጽፍና ቁጥር ሰጥቶ ፎቶ ኮፒውን ለወዳጆቹ ይልክ ነበር። የመጨረሻዋ ቁጥሯ 1318 ነው፣ የሚያዝያ 2002። ነሐሴ ላይ ኔዘርላንድስ ኑነን በሚገኘው ቤቱ በካንሰር አረፈ።