መዝገብን ሥርዓት ያስያዙት ኤድጋር ኮድ

መዝገብ የእድር ምሰሶ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በአሁኑ ጊዜ የባንኩም፣ የአየር መንገዱም፣ የሆስፒታሉም መዝገብ በብዛት ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። ለዚህ መዝገብ ሥርዓት ያወጡለትን ሰው ግን ብዙዎቻችን በስም እንኳ አናውቃቸውም። ስለዚህ ታሪካቸውን በአጭሩ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤድጋር ኮድ በ1923 በእንግሊዝ አገር፣ በፖርትላንድ ደሴት ተወለዱ። ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነበሩ። እናታቸው አስተማሪ ነበሩ። ኮድ በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተምረዋል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአየር ኃይል አብራሪ ሆነው አገልግለዋል። በ1948 ወደ አሜሪካ ተሻግረው አይቢኤም በተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ ተቀጠሩ። በ1953 ሴናተር ማካርቲ ሰዉን ኮሚኒስት ነህ እያሉ ሲያሳድዱ ነገሩ አላማራቸውምና ወደ ካናዳ ሄዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሰው፣ አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ በ1965 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ።

ስማቸውን ያስጠራው ሥራ በ1970 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። በዚያን ጊዜ የኮምፒዩተር መዝገብ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተያያዘ ስለነበር፣ አንድ ነገር ለማግኘት መንገዱን ሁሉ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ኮድ ግን ሁሉም ነገር ረድፍና ዓምድ ባለው ተራ ሠንጠረዥ ይጻፍ፣ ሠንጠረዦቹም በጋራ ቁጥር ይገናኙ አሉ። ቀጥለውም በ1971 ሠንጠረዥ የሚስተካከልባቸውን ተጨማሪ ደረጃዎች አወጡ። ይህ ኖርማላይዜሽን ይባላል።

ነገሩን በእድር መዝገብ ላስረዳ። የወር መዋጮ የሚመዘገብበት አንድ ትልቅ ባሕር መዝገብ አለ እንበል። በየረድፉ የአባሉ ቁጥር፣ ወሩ፣ የተከፈለው ብር፣ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ስም፣ ምድቡና የምድቡ ሰብሳቢ ስልክ ተጽፏል።

አንደኛው ደረጃ፣ በአንድ ሳጥን አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ ይላል። የሚስትና የአምስት ልጅ ስም በአንድ ሳጥን አይታጨቅም፤ እያንዳንዱ የራሱ ረድፍ ይኑረው። ሁለተኛው ደረጃ የክፍያውን ረድፍ ይመለከታል። ረድፉ የሚታወቀው በአባሉ ቁጥርና በወሩ አንድ ላይ ነው። የቤት ቁጥር ግን ከወሩ ጋር ምን አገናኘው? የአባሉ ነውና ወደ አባላት ሠንጠረዥ ይሂድ። በሦስተኛው ደረጃ የሰብሳቢው ስልክ ይወጣል፤ እሱ የምድቡ እንጂ የአባሉ አይደለምና። ምድብ ለብቻው ይጻፍ። ሰብሳቢ ሲቀየር አንድ ቦታ ማረም ይበቃል። በ1974 ደግሞ ኮድ ከሬይመንድ ቦይስ ጋር ሆነው ከሦስተኛው የጠበቀ ደረጃ ጨመሩ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? አባሉ ቤት ሲቀይር በአንዱ ረድፍ ታርሞ በሌላው ከቀረ መዝገቡ ሁለት አድራሻ ይናገራል። በሐዘን ቀን ድንኳኑ የት ይተከል? ወይም የአባሉ ስም በክፍያ ገጽ ላይ ብቻ ካለ፣ አሮጌው ገጽ የተወገደ ዕለት አባሉም አብሮ ይጠፋል። ቤተሰቡ ሬሳ አስቀምጦ አባል አይደላችሁም ሊባል ነው እኮ!

የኮድን ሐሳብ የራሳቸው ኩባንያ ፈጥኖ አልተቀበለውም፤ አሮጌውን ዓይነት እየሸጠ ነበርና። በ1979 ኋላ ኦራክል የተባለው ድርጅት ቀድሞ ለገበያ አቀረበው፤ አይቢኤም በ1981 ተከተለ። በዚያው ዓመት ኮድ በኮምፒዩተር ሙያ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበሉ። በ1985ም፣ ስሙን ብቻ ይዘው የሚሸጡ ነጋዴዎች ስለበዙ፣ እውነተኛው የሚለይባቸውን አሥራ ሁለት ደንቦች ጻፉ። በሚያዝያ 2003 በፍሎሪዳ በ79 ዓመታቸው አረፉ።

መዝገብን ወደ ኮምፒዩተር ለሚያዛውሩ ወገኖች አንድ ቃል አለኝ። የተዘበራረቀ መዝገብ ኮምፒዩተር ውስጥ ስለገባ ብቻ አይቃናም። ከመገልበጣችን በፊት እያንዳንዱን ዓምድ፣ ይህ የማን ነው? የአባሉ፣ የወሩ ወይስ የምድቡ? ብለን እንጠይቅ። አንድ ነገር አንድ ቦታ ይጻፍ።

የኮድን ነፍስ ይማር።